አከራዮች ሆይ፣ ከጣሪያው ስር አንድ ብሎኬት አውጡ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ። በከሰል ጭስ ታፍነው ስለሞቱ ሰዎች ያወጣችሁትን ዜና አንብቤ ነው ይሄን ምጽፍላችሁ። ዜናው እንደሌላው ጊዜ ሁሉ ህብረተሰቡ ጥንቃቄ ያድርግ በሚል ነው ያለቀው፣ እሱስ ልክ ነው፣ ግን በየክረምቱ እንዲህ አይነት ዜና ስንሰማ ክፍሉ ምን አይነት ክፍል ነበር፣ አየር ሚገባበትና ሚወጣበት ነበረው ወይ ብሎ ሚጠይቅ ጋዜጠኛም ሆነ ሃላፊ አላየሁም። እባካችሁ ከአሁን በኋላ እናንተ ጠይቁልን። እኔ ስራዬ የሬስቶራንትና የመኖሪያ ቤት ኩሽና ውስጥ ኤግዞስት ፋንና ዳክት (አየር ማስወጫ ማራገቢያና ቱቦ) መግጠም ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ቤት ገብቼ አይቻለሁ፣ ማየው ነገር በጣም ስለሚያሳስበኝ ነው ዛሬ ረዘም አድርጌ የጻፍኩት።

ከዋናው ቤት ጀርባ ተደርድረው ሚሰሩትን ሰርቪስ ቤቶች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ሶስት በሶስት፣ ቢበዛ ሶስት በአራት፣ ጀርባው የጎረቤት አጥር፣ ግራና ቀኙ ሌላ ተከራይ፣ ፊት ለፊት አንድ የላሜራ በር፣ ካለ ደግሞ ከበሩ አጠገብ አንድ ትንሽ መስኮት። እዛ ውስጥ ነው ሰው ሚተኛው፣ ሚያበስለው፣ ክረምት ልብሱን ሚያደርቀው፣ ልጅ ሚያሳድገው። ማታ በሩ ይቆለፋል፣ መስኮቱ ሌባ ስለሚፈራ ይዘጋል፣ በበሩ ስር ያለችው ክፍተት ብርድ እንዳታስገባ በጨርቅ ትወተፋለች። በግድግዳው ጫፍና በቆርቆሮው መሃል ድሮ ትቀር የነበረችው ቀዳዳም አሁን ቤት አምሮ ይሰራ ተብሎ በሲሚንቶ ተደፍናለች፣ ከስሯ ኮርኒስ ተመቶባታል። እንዲህ አይነቱ ክፍል ሲዘጋ በቃ ተዘጋ ማለት ነው። ከሰሉ ይገድላል፣ ክፍሉም አብሮት ይገድላል፣ ክፍሉን የሰራው ደግሞ ተከራዩ አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ከሰሉ ልበል፣ ምክንያቱም ጠንቃቃ የሆኑ እናቶች ሳይቀሩ አንድ ነገር ላይ ሲሳሳቱ አያለሁ። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠላል፣ ጭሱ እስኪያልፍ ይጠበቃል፣ ፍም ሲሆን "አሁንማ ጭስ የለውም" ተብሎ ወደ ውስጥ ይገባል። ሚገድለው ግን ሚታየው ጭስ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሚባለው ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ አይን አያቃጥልም፣ ቀዩ ፍም ጭሱ ካለፈ በኋላም ሳያቋርጥ ያወጣዋል። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን ሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይሄን ጋዝ ከኦክስጅኑ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው ሚይዘው፣ አንዴ ከያዘው ቶሎ አይለቀውም፣ ስለዚ በየትንፋሹ ትንሽ ትንሽ እየገባ ለኦክስጅን ሚሆነው ቦታ ይያዛል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ነው፣ ሰው ደክሞኝ ነው ብሎ ጋደም ይላል፣ እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ ደግሞ ምልክቱን ሚያውቅበት መንገድ የለም። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ በአንድ ትንፋሽ ምናገኘው ኦክስጅን ባህር ዳርቻ ላይ ካለ ሰው ሩብ ያህል ያንሳል፣ ስለዚ ከመጀመሪያውም ብዙ ትርፍ የለንም።

ለዚህ ነው ከሰል ላይ ድርድር የለም ምለው። ቁጠባ ምድጃውም ላቀች ሚባለው የከሰል ምድጃም ቢሆን ከሰል ይቆጥባል እንጂ ጋዙን አያስቀርም። መስኮት ገርበብ አድርጌ እተኛለሁ ማለትም አያዋጣም፣ ሰው ሊተኛ ሲል ምድጃው ከነፍሙ ውጭ ይደር። ጀነሬተርም እንደዛው ነው፣ መብራት ሲጠፋ ኮሪደር ውስጥና ቤዝመንት ውስጥ ሚያስነሱ ሱቆች አሉ፣ ጋዙ ያው አንድ ነው፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሆኖ በደረጃው ሽቅብ እየሄደ ላይ ያለው ቢሮ ይገባል። ታፍኖ የወደቀ ሰው ካያችሁ በሩን በርግዱትና ቶሎ ወደ ውጭ አውጥታችሁ ሐኪም ቤት ውሰዱት፣ ወተት እናጠጣው ሎሚ እናሽትተው ሲባል ሚያልፈው ደቂቃ የሰው ህይወት ነው።

አሁን ወደ አየሩ ልምጣ። አንድ መስኮት ከፍቶ አየር ገባ ማለት ብዙ ጊዜ ልክ አይደለም፣ አየር ሚገባው የገባውን ያህል ሚወጣበት ሲኖረው ነው። ውሃ የሞላ ጀሪካን ስትገለብጡ እየተንደቀደቀ በግድ ነው ሚወጣው፣ ከጀርባው በምስማር ብትበሱት ግን ኩልል ብሎ ይፈሳል፣ ክፍልም እንደዛ ነው። አየርን ሚያንቀሳቅሱት ደግሞ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ነፋስ ነው፣ የቤቱን አንድ ጎን ሲገፋ በተቃራኒው ጎን ይስባል፣ ስለዚ ትይዩ ወይም ቢያንስ በተለያየ ግድግዳ ላይ ያሉ ሁለት ቀዳዳዎች ካሉ ክፍሉን ጠርጎ ያልፋል። ሁለተኛው ሙቀት ነው፣ ከሰውነታችን ከምድጃው ከአምፖሉ የሞቀው አየር ቀላል ስለሚሆን ወደ ላይ ይወጣል፣ ላይ ቀዳዳ ካገኘ ይሄዳል፣ በሱ ቦታ ከታች ቀዝቀዝ ያለው ይገባል። ይሄ ነፋስ በሌለበት ሌሊት እንኳን ይሰራል፣ እንዲያውም ውጭው በቀዘቀዘና የላይኛውና የታችኛው ቀዳዳ በተራራቀ ቁጥር ስበቱ ይጨምራል። የአዲስ አበባ ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፣ እኛ ብርዱን እናማርራለን እንጂ አየር ለመቀየር ከዚህ ሚመች አየር ንብረት የለም፣ ሌላ አገር ሰው ሚሊዮን ብር ሚያወጣበትን ነገር እኛ በነጻ ነው ያለን።

በሙያው ሚሰሩ ሰዎች ሚጠቀሙበት አንድ ቀላል መለኪያ አለ። መስኮት በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ንጹህ አየር በደንብ ሚደርሰው የጣሪያውን ከፍታ ሁለት እጥፍ ያህል ወደ ውስጥ ነው፣ በሁለት ትይዩ ጎን ከሆነ ግን እስከ አምስት እጥፍ ይደርሳል። ጣሪያው ሁለት ሜትር ተኩል ከሆነ ባንዱ መስኮት አምስት ሜትር፣ በሁለቱ አስራ ሁለት ሜትር አካባቢ ማለት ነው። አዳራሽ በጂፕሰም ከፋፍላችሁ ቢሮ ምትሰሩ ሰዎች ይሄን አስቡት፣ መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠው አለቃ ይተነፍሳል፣ ከፓርቲሽኑ ጀርባ ያለችው ጸሃፊ ቀኑን ሙሉ ሌላው የተነፈሰውን ነው ምትስበው።

እና አከራዮች፣ ምለምናችሁ ይሄን ነው። ቤቱ ብሎኬት ከሆነ የአንድ ብሎኬት ፊት 40 በ20 ሳንቲም ነው። ከጣሪያው ዝቅ ብሎ፣ ከላይኛው ታይ ቢም (ግድግዳውን ዙሪያውን ከሚያስረው የኮንክሪት ቀበቶ) ስር፣ ከበሩ በሚርቀው ግድግዳ ላይ አንድ ብሎኬት ብቻ አውጡ። ከውጭ በኩል ዝናብ እንዳይገባ ቁልቁል ያዘነበለ ቆርቆሮ ግጠሙበት፣ ከውስጥ አይጥ ሚከለክል የሽቦ ወንፊት፣ በቃ። በሩ ስር ደግሞ ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይቅር ወይም የበሩ የታችኛው ላሜራ ላይ ሉቨር (አየር ሚያሳልፍ ሰያፍ ክንፎች) ይሰራበት፣ ማንኛውም በር ሚበይድ ልጅ ይሰራዋል። የጭቃ ቤት ከሆነ ማገሩንና ቋሚውን ሳትቆርጡ በመሃላቸው ክፈቱ። ጀርባው የጎረቤት አጥር ስለሆነ አይቻልም ለምትሉኝ፣ እውነት ነው ብዙ ቦታ አይቻልም፣ እሱ ጋ ሁለት አማራጭ አለ። አንዱ ከኮርኒሱ ተነስቶ ቆርቆሮውን አልፎ ሚወጣ ቱቦ ነው፣ ባርኔጣ ይደረግበታል፣ ጋላቫናይዝድ ላሜራ ጠቅልሎ መስራት ነው። ሌላው ከበሩ በላይ፣ ከጣሪያው ስር መክፈት ነው፣ ያው በአንድ ጎን ቢሆንም ከበሩ ስር ካለው ክፍተት ጋር ሁለት ሜትር ስለሚራራቅ በሙቀት ይስባል፣ እንደ ትይዩው አይሆንም ግን ከምንም በጣም ይሻላል። ቀዳዳው ከፍ ያለ ስለሆነ ሌባ አይገባበትም፣ ተከራዩም ነፋሱ ፊቱን ስለማይመታው አይደፍነውም። ይሄ ሁሉ ታዲያ ለከሰል ፈቃድ አይደለም፣ ምድጃው ማታ ያው ውጭ ነው ሚያድረው፣ ቀዳዳው ሰው ሲረሳ ለሚመጣው ክፉ ቀን፣ ለዘወትሩ ደግሞ ለትንፋሹ ለእንፋሎቱና ለሻጋታው ነው።

አየሩ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ለማየት መሳሪያ አያስፈልግም። ትንሽ እጣን ወይ ሰንደል ለኩሳችሁ በሩ ስር፣ መስኮቱ ጋ፣ ኮርኒሱ ጥግ ያዙት፣ ጭሱ ወዴት እንደሚያዘነብል እዩ። ቀጥ ብሎ ወጥቶ ጣሪያው ላይ ተኝቶ ከቀረ ክፍሉ አየር አይቀይርም። እኔ ፋን ከገጠምኩ በኋላ ሁሌ እንደዚ ነው ማሳየው፣ ሰው በአይኑ ሲያይ ነው ሚገባው።

ፋን ካነሳሁ አይቀር፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን ሚያባክንበት ነገር ስላለ ልናገር። ኤግዞስት ፋን ከመስኮቱ ወይም ከበሩ አጠገብ ከተገጠመ በመስኮት የገባውን አየር ወዲያው መልሶ ያስወጣዋል፣ ምድጃው ጋ ያለው ጭስ ግን እዛው ይሽከረከራል። ፋኑ ከምድጃው በላይና አየር ከሚገባበት በተቃራኒ ነው መሆን ያለበት። ሁሉም ነገር ተዘግቶ ፋን ቢነሳም ዋጋ የለውም፣ ይጮሃል እንጂ ሚስበው አየር የለም፣ ወይም ደግሞ መሳብ ከማይገባው ቦታ፣ ከሽንት ቤቱና ከሻፍቱ (በፎቆቹ መሃል ሽቅብ ከሚወጣው የጋራ አየር ማስወጫ ጉድጓድ) ይስባል። አሁን አሁን ደግሞ ሚያማምሩ ሁዶች (ከምድጃ በላይ ሚሰቀሉ ጭስ መሳቢያዎች) እየተሸጡ ነው፣ ቱቦ የሌላቸው፣ ቅባቱን በማጣሪያ ይዘው አየሩን መልሰው ወደዛው ኩሽና ሚለቁ። ሽታ ይቀንሱ ይሆናል፣ እንፋሎትና ጋዝ ግን አንድም አያስወጡም። ስትገዙ "ቱቦው ወዴት ነው ሚወጣው" ብላችሁ ጠይቁ።

ኮንዶሚኒየም ላይ ያለው ነገር ሌላ ጉዳይ ነው። ጀሞም ሂዱ ሰሚትም የካ አባዶም፣ በብዙ ቤት የኩሽናው መስኮት ወይ በር ሚከፈተው ወደ በረንዳው ነው። በረንዳው በአሉሚኒየምና በመስታወት ሲታሸግ፣ ክፍል ተጨመረ ይባላል፣ ኩሽናው ግን ውጭን አጣ ማለት ነው። የድሮው የብረት መስኮት ተነቅሎ ተንሸራታች አሉሚኒየም ሲገባ ደግሞ መስኮቱ ሙሉ በሙሉ ሚከፈት አይደለም፣ ግማሹ ሁሌ ዝግ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ወደ ሻፍት ነው ሚተነፍሰው፣ ሻፍቱ ላይ ጫፍ ያለው ቤት እቃ ደርድሮበት ወይ ደፍኖት ከሆነ ደግሞ የአንደኛ ፎቅ ሽታ ሶስተኛ ፎቅ ይገባል፣ ጎረቤት ከጎረቤት ይጣላል። ሻፍት የጋራ ሳንባ ነው፣ የህንጻው ኮሚቴ ከጽዳትና ከጥበቃ እኩል ሊያየው ይገባል። በረንዳ ማሸግ የግድ ከሆነባችሁም ላይኛው ጫፍ ላይ ሚከፈት ሉቨር አስተርፉ።

ሲሊንደር ለምትጠቀሙ ደግሞ አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። የማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ካፈሰሰ ወለል ላይ ነው ሚተኛው፣ ስለዚ ከላይ ያለ መስኮት ብቻውን አያወጣውም፣ ከታች በር ወይ ቀዳዳ ያስፈልጋል። ሽታው ከመጣ መብራትም ፋንም አታብሩም አታጥፉም፣ ማብሪያ ማጥፊያዋ ራሷ ብልጭታ አላት፣ ሲሊንደሩን ዘግታችሁ በሩን ከፍታችሁ ውጡ።

ድሮ እንዴት ነበር ሚል ሰው ይኖራል። ጎጆ ቤት ሳሩ ራሱ ይተነፍሳል፣ ጭሱ በክዳኑ እየሰረገ ይወጣ ነበር፣ ያም ሆኖ እናቶቻችን አይናቸው በጭስ ሲጠፋ፣ ደረታቸው ሲዘጋ ነው ያረጁት፣ ስለዚ ያን ዘመን አላመሰግንም። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል፣ አብዛኛው በማገዶና በከሰል ሚያበስል ደሃ ነው፣ ሴቶችና ህጻናት ናቸው ከምድጃው ጋ ሚውሉት። ግን ከድሮው ምንማረው አለ። ፒያሳ ያሉት የቆዩ ቤቶች ጣሪያቸው ከፍ ያለ ነው፣ መስኮታቸው ረጅም ነው፣ ከላይ ለብቻዋ ምትከፈት ትንሽ መስኮት ያላቸውም አሉ። ይሄ ጌጥ ብቻ አይደለም። ሊማ ፔሩ ውስጥ ስምንት ሆስፒታሎች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት በርና መስኮት ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ይቀየር ነበር፣ በማሽን ሚተነፍሱት አዳዲስ ክፍሎች ግን 12 ጊዜ ብቻ። ከ1950 በፊት የተሰሩት ባለ ረጅም ጣሪያና ባለ ትልልቅ መስኮት ህንጻዎች ብቻቸውን ሲታዩ ደግሞ 40 ደርሰዋል። በድሮ ግንብ ውስጥ በሳንባ በሽታ (በቲቢ) የመያዝ እድሉ በአዲሱ ካለው በጣም ያነሰ ነበር።

ሳንባ በሽታን ያነሳሁት በምክንያት ነው። አገራችን ቲቢ በብዛት ከሚገኝባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት፣ ቲቢ ደግሞ በአየር ነው ሚተላለፈው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ባልቲሞር ውስጥ ሪቻርድ ራይሊና ዊሊያም ዌልስ ሚባሉ ሰዎች የቲቢ ታማሚዎች የተኙበትን ክፍል አየር በቱቦ ስበው ጣሪያ ላይ ወዳሉ ጊኒ ፒጎች ላኩት፣ እንስሳቱ ታማሚዎቹን ሳያዩ ሳይነኩ አየሩን ብቻ ተንፍሰው ተያዙ። ታይፔ ውስጥ ደግሞ አንድ ዩኒቨርሲቲ ቲቢ ሲዛመት ክፍሎቹ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለካ ከሚሊዮን እጅ አየር 3200 እጅ አካባቢ ሆኖ ተገኘ፣ ውጭ ያለው አየር 420 አካባቢ ነው፣ ከዛ የሚበልጠው ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ተንፍሶ ያወጣው ነው፣ ማለትም ልጆቹ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ነበር ሚስቡት። አየር ማስገቢያውን አስተካክለው ወደ 600 አካባቢ ሲያወርዱት በሽታው ቆመ። ታዲያ 60 ልጅ ሚቀመጥበት የኛ ክፍል፣ ክረምት መስኮቱ ተዘግቶ፣ ልጆቹ ሲያዛጉና ራሴን አመመኝ ሲሉ ሰነፉ ከማለታችን በፊት መስኮቱን ማየት የለብንም?

የጤና ጣቢያ መጠበቂያ ክፍልም እንደዛው፣ ሚያስለው ሰውና ነፍሰ ጡሯ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተው ካርድ ይጠብቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ ለአንድ ታማሚ በተኝቶ መታከሚያ ክፍል ቢያንስ በሰከንድ 60 ሊትር፣ በአየር ሚተላለፍ በሽታ ላለበት ክፍል ደግሞ 160 ሊትር አየር እንዲገባ ይላል፣ ይሄ ደግሞ በመስኮትና በበር ብቻ ሊገኝ ይችላል። ብዙ ቦታ ምን ይጎድላል መሰላችሁ፣ የተሰበረ መስኮት መያዣ። መስኮቱ አለ፣ መያዣው ስለተነቀለ ነፋስ እያንኳኳ ስለሚረብሽ በሽቦ ታስሮ ተዘግቷል። ሃምሳ ሳንቲም ሽቦ ሳይሆን ትክክለኛ መያዣ ይገጠምለት። መመርመሪያው ክፍል ውስጥ ሃኪሙ ሚቀመጥበት ደግሞ አየር ከሚገባበት በኩል፣ ታማሚው በሚወጣበት በኩል ቢሆን ነው ጥሩው፣ ወንበር ማዟዟር ገንዘብ አይጠይቅም።

ብርዱስ ትሉኛላችሁ። ታክሲ ውስጥ ያለውን ጭቅጭቅ ማን ያጣዋል፣ አንዱ ይከፍታል ከኋላ ያሉት እማማ "ልጄ ዝጋልኝ ያመኛል" ይላሉ። የሳቸውን አላጣጥልም፣ የታክሲ ነፋስ ቀጥታ ጆሮና አንገት ላይ ሲመታ ያማል፣ ሽማግሌ ሰውና ህጻን ሲቀዘቅዝ ይጎዳል። ግን መፍትሄው ሁሉንም መዝጋት አይደለም። መጋቢት 2012 ኮሮና የገባ ጊዜ ሁላችንም መስኮት እንከፍት ነበር እኮ፣ ማንም በነፋስ አልሞተም፣ ከዛ ተረሳና ተመለስን። ታክሲ ውስጥ አንድ መስኮት ሰፋ አድርጎ ከመክፈት ከፊት አንድ ከኋላ በሌላው ጎን አንድ ትንሽ ትንሽ መክፈት ይሻላል፣ አየሩ ሰያፍ አቋርጦ ያልፋል፣ ማንንም ቀጥ ብሎ አይመታም። ቤት ውስጥ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አንዷን መስኮት ገርበብ ከማድረግ ሁሉንም በርግዶ አምስት አስር ደቂቃ መክፈትና መልሶ መዝጋት ነው። አየሩ ይቀየራል፣ ግድግዳውና አልጋው ግን ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ ክፍሉ ቶሎ መልሶ ይሞቃል። ጠዋት ከእንቅልፍ ስትነሱ፣ ምግብ ስታበስሉ፣ ቡና ሲፈላና እጣን ሲጨስ፣ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት። አልጋን ከመስኮቱና ከበሩ መስመር ማውጣትም አለ፣ ነፋሱ በእግር በኩል ይለፍ እንጂ በራስ በኩል አይሁን።

ውጭ ያለው አየርስ ንጹህ ነው ወይ ሚለው ጥያቄም ልክ ነው። ቀለበት መንገድ ዳር፣ ታክሲ ተራ አጠገብ ቤት ያለው ሰው መስኮት ሲከፍት የናፍጣ ጭስ ነው ሚገባው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ለደቃቅ ብናኝ ያስቀመጠው የዓመት ጣሪያ በአንድ ሜትር ኩብ 5 ማይክሮግራም ነው፣ የኛ ከተማ ከዛ ብዙ እጥፍ ትበልጣለች። ጠዋት አየሩ ሳይነቃነቅ ትራፊኩ ሲበዛ ነው ሚብሰው፣ እንደዛ አይነት ቦታ ያላችሁ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ክፈቱ፣ ወደ መንገዱ ሳይሆን ወደ ጓሮ ባለው በኩል። ግን ቤት ውስጥ ከሰልና ማገዶ ሚነድ ከሆነ ጥያቄ የለውም፣ የውስጡ ከውጭው ይብሳል።

ስለ አዳዲሶቹ የመስታወት ህንጻዎች አጭር ነገር ልበል። ፊታቸው ሙሉ መስታወት፣ ሚከፈት መስኮት ግን ጥቂት ወይ ጭራሽ የለም፣ "ኤሲ አለው" ይባላል። ግድግዳ ላይ ሚሰቀለው ስፕሊት ኤሲ አዲስ አየር አያስገባም፣ ያለውን አየር ነው እያዞረ ሚያቀዘቅዘው፣ ውጭ ያለው ክፍሉ ሙቀት ሚያወጣበት እንጂ አየር ሚስብበት አይደለም። ሰው ሁሉ ይሄን አያውቅም፣ ኤሲ ከተከፈተ መስኮት መዘጋት አለበት ብሎ አርባ ሰው ስልጠና ክፍል ውስጥ ታፍኖ ይውላል። እንደኛ ባለ አገር ከመስታወቱ ሶስት አንዱ ሚከፈት ቢሆን ለብዙው ቢሮ ኤሲው ራሱ አያስፈልግም ነበር።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ የኪራይ ውል በጽሁፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። አከራይና ተከራይ መጥተው ዋጋው ይጻፋል፣ አድራሻው ይጻፋል፣ ይፈራረማሉ። ሃላፊዎቻችን እዛው ፎርም ላይ ሁለት ጥያቄ ጨምሩልን፣ ክፍሉ ውጭ ሚያይ ስንት ቀዳዳ አለው፣ ከጣሪያው ስር ሚከፈት አለው ወይ። የሌለው ቤት አይከራይ አላልኩም፣ ተከራዩ ሜዳ ላይ ይወድቃል፣ ግን አከራዩ ክረምት ሳይገባ ያችን ብሎኬት እንዲያወጣ ቀን ይሰጠው፣ የወረዳው የግንባታ ባለሙያም ሄዶ ይይላት። ስራዋ የግማሽ ቀን ናት።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ